ሐይቁ ሳይሞላ

ሸዋረጋ ከፍራሹ ላይ እንደገና ብድግ ስትል አጠገቧ የተቀመጡት እማማ ወርቂቱ የነጠላዋን ጫፍ ጨበጥ አደረጉ። ሐዘንተኛ እንዲህ አይቁነጠነጥም፣ ሰው ምን ይላል፣ ቁጭ በይ ልጄ አሏት ዝቅ ባለ ድምፅ። ሸዋረጋ ነጠላውን እጃቸው ላይ ትታላቸው ወደ መስኮቱ ሄደች። አሮጊቷ ባዶ ነጠላ ጨብጠው ቀሩ። ለቅሶ ቤት ባይሆን ኖሮ የሚስቅ አይጠፋም ነበር።

በመስኮቱ የአፓርታማው መኪና ማቆሚያ ይታያል። ወንዶቹ ከቤተ ክርስቲያን በመጣው ድንኳን ሥር ታጣፊ ወንበር ላይ ተደርድረው፣ የወረቀት ኩባያቸውን ይዘው ያንሾካሹካሉ። ከመካከላቸው ጌታቸውን ፈለገችው። ጌታቸው የሟቹ ባሏ የግሩም የልብ ጓደኛ ነው፤ ኦክላንድ ውስጥ ታክሲ ይነዳል፤ ሰርጉም ለቅሶውም ያለ እሱ አይሆንም። አፉ ሥራ ፈትቶ የማያውቀው ሰው ከቀብሩ ወዲህ ግን እንኳን ሊያወራት ዓይኗን ማየት አቅቶታል። እሷ በሩ ላይ ብቅ ስትል እሱ በረዶ አለቀ ብሎ ወደ ሱቅ ይሮጣል፤ ከሱቅ ሲመለስ ወንበር አነሰ ብሎ ወደ ፍሩትቬል ሰፈር ይበራል። በኅዳር ብርድ በረዶ የሚጠጣ ሰው ስላልነበረ የገላ መታጠቢያው ገንዳ በበረዶ ከረጢት ሞልቷል።

ሸዋረጋ ከጌታቸው የምትፈልገው ብዙ አይደለም። ባሏ የሞተበትን ቦታ ወስዶ እንዲያሳያት ነው፤ እሱንም ዝናቡ ሳይቀድማት።

ከሪኖ ከተማ አልፎ፣ ኔቫዳ በረሃ ውስጥ፣ ስሙ ሐይቅ የሆነ፣ ውሃ ግን የሌለው ሜዳ አለ። አንድ አገር ያክላል። ዓመት ዓመቱን ደርቆ፣ ጨው ለብሶ፣ ፀሐይ እየጠበሰው ይኖራል። አልፎ አልፎ ብቻ፣ ዝናቡ የበረታ ዓመት፣ ከተራሮቹ የወረደው ጎርፍ ተጠራቅሞበት ለጥቂት ወራት የእውነት ሐይቅ ይሆናል። ግሩም ሥራ በሌለው ቀን ሁሉ የሚሄደው እዚያ ነበር። የሞተውም እዚያው፣ ሜዳው መሀል፣ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ፣ በልብ ድካም ነው። ቦታውን ከለቀስተኛው መካከል ያየው ጌታቸው ብቻ ነው። ቴሌቪዥኑ ደግሞ ድምፁ ተዘግቶ ምስሉ ብቻ እየሄደ፣ ያን ሰሞን አገሬው ሁሉ ኤልኒኞ እያለ የሚያወራለትን ዶፍ ያሳያል። ከውቅያኖሱ የተነሳው ደመና ካሊፎርኒያን አቋርጦ ወደ ኔቫዳ ሲገሰግስ ሸዋረጋ ቆማ ታየዋለች። ልጇ ዮርዲ ለቅሶ ቤት ቴሌቪዥን ነውር ነው ሲሏት ልታጠፋው ብትነሳ፣ እናቷ በዓይኗ ከልክላታለች።

ለምን ቦታውን እንደምትፈልገው ብትጠየቅ በደንብ አትመልስም። ምክንያቱ ግን ይህ ነበር፤ ከዚህ ሁሉ ሰው አፍ የሚወጣውን ቃል ማመን አቅቷታል።

መቼም ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ግሩም የሞተው ማክሰኞ ነው፤ ሸዋረጋ የሰማችው ቅዳሜ ነው። ፖሊሶቹ ከሟቹ ኪስ ያገኙት የጌታቸውን ስልክ ቁጥር ስለነበር ለእሱ ደወሉ፤ እሱ ለእማማ ወርቂቱ ደወለ፤ እሳቸው ሽማግሌዎቹን ሰበሰቡ። መርዶ እንዲሁ በስልክ አይነገርም። ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ፣ ጎን ለጎን የሚይዙ ሴቶች ተመርጠው፣ በማለዳ በር ተንኳኩቶ ነው የሚነገረው። አገሩ ደግሞ አሜሪካ ነው፤ በሥራ ቀን ማን ኦፍ ይሰጠዋል? ረቡዕ ቢነገራት ረቡዕ ማታ ሁሉም ወደ ሺፍቱ ሄዶ ብቻዋን ባዶ ቤት ታለቅሳለች። ስለዚህ ቅዳሜ ንጋት ይሁን ተባለ። በደግነት ነው፤ ክፉ ያሰበ አንድም ሰው አልነበረም። ዮርዲም ሳን ሆዜ ኮሌጅ ስለሆነች ለእሷም ሳይነገር ቀረ።

እስከ ቅዳሜ ግን ሚስቲቱ አንድ ነገር መባል ነበረባት። ረቡዕ ጠዋት ጌታቸው መጣና የግሩም መኪና ሜዳው ላይ ተበላሽቷል፣ ዕቃ እስኪመጣለት እዚያው ሞቴል ይሰነብታል፣ እኔ አሁን ወደ እሱ መሄዴ ነው አላት። ሸዋረጋ ሳቀች። ይበለው፣ ውሃ የሌለው ሐይቅ ፍለጋ ሲዞር እግዜር ያዘው አለች። ሳቋን ስትጨርስ ደግሞ አሳዘናት፤ የፈረንጅ ሳንድዊች የማይወርድለት ሰው እዚያ በረሃ ምን ይበላል? ቆይ አንዴ ብላ ጓዳ ገባች። መንገደኛ አይጾምም ብላ ቋንጣ ፍርፍር ሠራችለት። ሽንኩርቱ እስኪቁላላ፣ ቅቤው እስኪቀልጥ፣ ጌታቸው ጓዳው በር ላይ ቆሞ ጠበቃት። በፎይል ጠቅልላ፣ በፎጣ አስራ ሰጠችው፣ ሳይቀዘቅዝ እንዲደርስ ፈጠን ብለህ ንዳ አለችው። ጌታቸው እሺ አለ፤ ተቀበለ፤ ሄደ። የሄደው አስከሬን ሊቀበል ነበር።

ሐሙስና ዓርብ ኤመሪቪል የምትሠራበት የአረጋውያን ቤት ዋለች። ዓርብ ማታ ፍሩትቬል የብርነሽ ልጅ ልደት ነበር። ብትቀር ትጠረጥራለች ተብሎ ድግሱ አልተሰረዘም፤ እሷም ሄደች፤ እስክስታ ወረደች። ክብ ሠርተው አጨበጨቡላት። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው። አሁን ፍራሹ ላይ ቁጭ ስትል እነዚያን ያጨበጨቡ እጆች አንድ በአንድ ታያቸዋለች። ደረታቸውን የሚመቱትም እነሱው ናቸው። ለዚህ ነው መቀመጥ ያቃታት፤ ለዚህ ነው ቅዳሜ ንጋት በሯ ሲንኳኳ ከጮኸችው ጩኸት በኋላ ዕንባዋ የደረቀው። ማልቀስ ሲገባት ትናደዳለች፤ መናደዷ ደግሞ ያሳፍራታል።

ዛሬም ማጽናናቱ ቀጥሏል። ጌታቸው የመጀመሪያው ቀን ሳይሰቃይ ነው የሞተው ብሎ ነበር። በማግስቱ ታሪኩ አድጎ እየጸለየ ነበር ተባለ። ዛሬ ከሳን ሆዜ የመጡ ሴትዮ ደግሞ ዳዊቱን ጭኑ ላይ ዘርግቶ እንዳረፈ ሰማን፣ የታደለ ነው አሉ። ሸዋረጋ ቀና ብላ አየቻቸው። ግሩም ሃያ ዓመት አብሯት ሲኖር ዳዊት ገልጦ አያውቅም፤ ጋዜጣ እንኳን የሚያነበው ርዕሱን ብቻ ነው። አገር ቤት ሳለ በአሰብ መስመር ከነተሳቢው የጭነት መኪና የነዳ፣ ኦክላንድ ደግሞ ከሆቴል ኤርፖርት መንገደኛ የሚያመላልስ ሰው ነበር። ስለ መንገድ ከሆነ ያወራል፤ ከዚያ ውጪ አዎና አይደለም ይበቃዋል። ይህን ሰው ሲገንዙት የማታውቀው ጻድቅ አደረጉባት።

በየጥጉ የሚንሾካሾከው ሌላ ነበር። ሪኖ ማለት ለእኛ ሰው ቁማር ማለት ነው፤ ቁማር ካልሆነ ደግሞ ሴት። ይህ ወሬ አዲስ አልሆነባትም፣ እሷም ብዙ ጊዜ አስባዋለች። ባለፈው ዓመት መኪናውን ስታጥብ ጎማው ውስጥ የተጋገረ ነጭ ነገር፣ ከኋላ ወንበሩ ላይ ደግሞ የሴት ሻርፕ አገኘች። ሻርፑን ጠረጴዛው ላይ ጣለችና ይህ የማን ነው አለችው። ግሩም ሻርፑን አገላብጦ አየ፣ እኔ እንጃ፣ የሰው ነው አለ። በዚያ የተነሳው ጠብ ሳምንት ፈጀ። በመጨረሻ ግሩም፣ ነይና ሜዳውን በዓይንሽ እዪው፣ ከፈለግሽ ሌላ ሰውም ይምጣ አለ። ውሃ የሌለው ሐይቅ ምኑ ይታያል አለችው። ከዚያ በኋላም በየጊዜው ነይ ይላታል፤ እሷም ሁልጊዜ ሥራ አለብኝ ትለዋለች። ነገሩ እንዲሁ ቀልድ ሆኖ ቀረ።

ከሰዓት በኋላ የሰው ካፖርት ወደ ተከመረበት መኝታ ክፍል ገብታ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ እንዳለች ብርነሽ ተከትላት ገባች። ብርነሽ የልደቱ ድግስ ባለቤት ናት፤ ሦስት ልጅ ለብቻዋ የምታሳድግ፣ ሆስፒታል በጽዳት የምትሠራ ልጅ። በሩን ዘጋችና ቆመች። ሸዋረጋ ስለ ዓርቡ ጭብጨባ ይቅርታ ልትጠይቀኝ ነው ብላ ፊቷን አዞረች።

"እትዬ ሸዋ፣ ሪኖ የሚሉት ውሸት ነው" አለች ብርነሽ። "ጋሼ ግሩም መንዳት እያስተማረኝ ነበር።"

ከዚያ ነገሩ ሁሉ ተዘረገፈ። መንጃ ፈቃድ ፈተና ደጋግማ ወድቃለች፤ መሪ ስትይዝ ግራና ቀኙ ይጠፋታል፤ ሰው ይስቅብኛል ብላ ለማንም አልተናገረችም። አውቶቡስ እየጠበቀች ልጆቿን ከትምህርት ቤት ዘግይታ ስታመጣ ግሩም አያትና የማንም ዓይን የሌለበት ቦታ አለ አላት። በነጭ ሜዳው ላይ የሚገጩት ነገር የለም፤ መብራት የለም፣ ሰው የለም፣ ጡሩምባ የሚነፋ የለም። ቁልፉን ይሰጣትና ከመኪናው ወርዶ ሩቅ ይሄዳል፤ እንዳታፍር ጀርባውን ሰጥቷት ጨው ላይ ቁጭ ይላል። እዚህ ሜዳ ላይ እኔን ከገጨሽኝ አስበሽበት ነው ይላታል። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ስትነዳ፣ ስትዞር፣ ስትቆም፣ ዞሮ አያያትም።

"ብቻዬን አይደለሁም" አለች ብርነሽ። "ብዙ ነን። የፈራ፣ የወደቀ፣ አደጋ ደርሶበት መሪ መያዝ የጠላ ሁሉ። ወንዶችም አሉ። ለማንም አልናገርም ብሎ ይምልልናል፤ ለእርስዎም ጭምር። ሻርፑ የማን እንደሆነ ግን አላውቅም።"

"ማክሰኞ ለት ካንቺ ጋር ነበር?"

"አልነበረም። ዝናቡ ከመግባቱ በፊት የመጨረሻውን ልንሄድ ነበር። መሬቱ መኪና ይችል እንደሆነ አስቀድሞ ሊያይልኝ ነው የሄደው።" ብርነሽ የሰው ካፖርት ላይ ተደፍታ አለቀሰች።

ሸዋረጋ ጀርባዋን እያሻሸች አጽናናቻት። ሐዘንተኛዋ እሷ ሆና ሳለ ማልቀሱ ለሌላ ሰው ደረሰ። ደስ ሊላት ይገባ ነበር፣ ባሏ ከሐሜት ነጽቷል። የተሰማት ግን ቅናት ነው። ይህ ሁሉ ሰው ያንን ሜዳ አይቶታል፤ ግሩም ጨው ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ሲቀመጥ አይቶታል፤ ያላየችው ሚስቱ ብቻ ናት። ድሮ እሷንም ሊያስተምራት ሞክሮ ነበር። ስታዲየሙ አጠገብ ካለው ባዶ መኪና ማቆሚያ ወስዷት የገበያ ጋሪ ገጨችና በዚያው ዳግም መሪ አልይዝም ብላ ማለች። መጀመሪያ ሜዳው ላይ እንሂድ ያላት የዚያን ዕለት ነበር፤ ቀልድ ነበር የመሰላት።

ወጣች። ሳሎኑን አቋርጣ፣ በነጠላ ጫማ፣ ወንዶቹ መካከል አለፈች። ጌታቸው እንዳያት ብድግ አለ፣ በረዶ ሊል አፉን ከፈተ። እሷ ግን ወደ እሱ አልመጣችም። ዳር የቆመችውን የእሱን ቢጫ ታክሲ በር ከፍታ እንደ ማንኛውም ተሳፋሪ ከኋላ ተቀመጠችና በሩን ዘጋች።

ለቅሶ ቤቱ ተተራመሰ። ሽማግሌዎቹ ታክሲዋን ከበቡ። አንዱ በመስኮት ጎንበስ ብሎ ይመክራል፣ ሌላው ይቆጣል፣ የጎረቤት ሜክሲኮዎች በረንዳቸው ላይ ወጥተው ያያሉ። እማማ ወርቂቱ በምርኩዛቸው ቀስ ብለው ደረሱ፤ ሌሎቹን በእጃቸው ገለል አደረጉና በመስኮቱ በኩል አንገታቸውን አስገቡ።

"ልጄ፣ ሰልስት ሳይወጣ ሐዘንተኛ ከቤት አይርቅም። አባቶቻችን ያላወቁት ነገር አይደለም።"

"እማማ፣ እናንተ አራት ቀን ወሰዳችሁብኝ" አለች ሸዋረጋ ሳትጮህ። "እኔ አንድ ቀን ነው የጠየቅኳችሁ።"

እማማ ወርቂቱ አንገታቸውን ከመስኮቱ መለሱ። ምርኩዛቸውን አንዴ መሬት ላይ አንኳኩና ነገ ሰልስቱ እንዳለቀ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ይውሰዳት አሉ። ጌታቸው እኔ ነገ ሥራ ብሎ ሊጀምር ሲል ዞረው አዩት። ቃሉን ዋጠ።

በማግስቱ ቅዳሴው እንዳለቀ፣ ለቀስተኛው ገና ዝክሩን እየቀመሰ ሳለ፣ ተነሱ። ዮርዲ ማንም ሳይጠይቃት ቦርሳዋን ይዛ መጣች። አንቺ ከእንግዶቹ ጋር ብትቆዪ አለቻት እናቷ።

"አይም ካሚንግ" አለች ዮርዲ። "ዘይ ላይድ ቱ ሚ ቱ፣ ማም።" እኔንም ዋሽተውኛል፣ እሄዳለሁ ማለቷ ነው።

ዝናቡ ሳክራሜንቶን ሳያልፉ ያዛቸው። መጀመሪያ ካፊያ ነበር፣ ከዚያ ዶፍ ሆነ፣ ተራራው ላይ ሲደርሱ ደግሞ በረዶ ተቀላቀለበት። ሸዋረጋ ከኋላ ሆና ወደ ፊት ተንጠራርታ የመስታወቱን መጥረጊያ ታያለች፤ መጥረጊያው ቢፈጥን መኪናው የሚፈጥን ይመስላታል። ጌታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ማውራት ጀመረ፤ ማውራቱ ግን ስለ ጎማ፣ ስለ ሰንሰለት፣ ስለ ነዳጅ ነው። እኔንም መንዳት ያስተማረኝ እሱ ነው፣ ኦክላንድ ሙሉ አያውቅም አለ በመሀል።  የሸዋረጋ ልብ ግን ከፊት ሄዶ ነበር። ስንት ጊዜ ቆም ብለን ሻይ እንጠጣ ቢላት አይሆንም አለችው። ከፊት የተቀመጠችው ዮርዲ መነጽሯን አውልቃ መስኮቱ ላይ ተደግፋ ታለቅሳለች፤ እናቷ እጇን በወንበሩ ጎን አሳልፋ ትከሻዋን ያዘቻት።

ከሪኖ ወዲያ ዝናቡ ቆመ። ሰማዩ ገለጥ አለና ሸዋረጋ ቀደምነው ብላ አሰበች። ከዋናው መንገድ ወጥተው ጠጠር መንገድ ያዙ። መንገዱ አንድ ቦታ ላይ፣ ያለ ምንም ምልክት፣ አለቀ። ጌታቸው ሞተሩን አጠፋ።

ሐይቁ ሞልቶ ነበር። ያን ሰሞን እነሱ ቀብርና ለቅሶ ላይ ሳሉ ተራሮቹ ላይ ዘንቦ፣ ዝናቡ ከእነሱ በፊት ደርሷል። ጥልቅ አልነበረም፤ ቁርጭምጭሚት ቢደርስ ነው። ግን ዓይን እስከሚያየው ድረስ ውሃ ነው፤ ወዲያ ማዶ ያሉት ተራሮች ተገልብጠው ውስጡ ይታያሉ። ጨው የለም፣ መስመር የለም፣ ዳርቻ የለም።

ሸዋረጋ ወርዳ ውሃው አፋፍ ላይ ቆመች። ጌታቸው ከኋላዋ መጣ። እዚያ ጋ ነበር ብሎ እጁን ዘረጋ። ጣቱ የሚያሳየው ቦታ ከሌላው በምንም አይለይም። ዞር ብላ ፊቱን አየችው፤ እሱም እጁን ቀስ አድርጎ መለሰ።

"ጌታቸው፣ ሁላችሁም ስታጽናኑኝ ሰነበታችሁ። በቃኝ። የሆነውን ንገረኝ።"

"ቦታውን አላውቀውም" አለ። "ያን ለት የጎማውን ፈለግ ተከትዬ ነው የደረስኩት። አሁን ውሃው በልቶታል። ከዚህ እስከዚያ ድረስ የትም ሊሆን ይችላል።"

"ዳዊትስ?"

"ዳዊት የለም። ጸሎትም አላየሁም። እኔ ስደርስ እሱን ወስደውታል። መኪናው ብቻ ነው የቆመው። ጫማውን አውልቆ ከበሩ ሥር አስቀምጦት ነበር። በባዶ እግሩ ጨዉ ላይ የሄደበት ምልክት ነበር፤ ሄዶ፣ ተመልሶ ገብቷል። ተሰቃይቶ ይሁን አይሁን አላውቅም፣ ሸዋ። ማንም አያውቅም።"

እሷ ራሷን ነቀነቀች። ይህ ጭካኔ አልመሰላትም። ከቅዳሜ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እግሯ ጠንካራ ነገር የረገጠ መሰላት። ዮርዲ ጫማዋን በእጇ ይዛ ውሃው ውስጥ ገብታ ቀስ እያለች ወደ ፊት ትሄዳለች።

ሸዋረጋ ሌላም ጥያቄ ነበራት። ከቅዳሜ ጀምሮ ያልለቀቃት፣ ለልጇ እንኳን ልትናገረው ያፈረችው፣ ለቅሶ ቤት ሊጠየቅ የማይገባ ትንሽ ጥያቄ።

"የላክሁትን ምግብ ምን አደረግኸው?"

ጌታቸው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ሲሸሽ የሰነበተው ይህን ነበር።

"በላሁት" አለ ከእጁ ሥር። "ልጥለው አስቤ ነበር። እጄ እምቢ አለኝ። ለሞተ ሰው የተሠራ ምግብ ለማን ይሰጣል? መኪናው ውስጥ፣ እሱ የነበረበት ወንበር ላይ ተቀመጥኩና ሁሉንም በላሁት። አንድ ጉርሻ አላስተረፍኩም። ረቡዕ መሆኑም ትዝ አላለኝ።"

ነፋሱ ውሃውን አጥፎ ዘረጋው።

"ጨዉ ልክ ነበር?" አለች ሸዋረጋ። "ጾም ስለሆነ ሳልቀምስ ነው የላክሁት።"

ጌታቸው እጁን ከፊቱ አነሳ። እጅሽ ይባረክ የሚባልበት ቦታ ነው፤ ሰው ሁሉ የሚለውም እሱን ነው። አፉ ላይ ደርሶ ነበርም። ግን ሴትየዋን አያት፤ እንዳትዋሸኝ የሚል ዓይን ነበራት።

"አንሶት ነበር" አለ።

ሸዋረጋ ተነፈሰች። ግሩም አፉን ሞልቶ፣ ጨው አነሰው ሳይል፣ ዝም ብሎ ይበላው ነበር፤ ሃያ ዓመት እንደዚያ ነው የበላው። ይህን ስታስብ ዕንባዋ መጣ። እንደ ቅዳሜው ጩኸት አይደለም፤ ድምፅ የለውም፤ ዝም ብሎ ይወርዳል፣ ማንም አይደግፋትም፣ ማንም ይበቃሻል አይላትም። ጌታቸውም አጠገቧ ቆሞ አለቀሰ።

ዮርዲ ከውሃው ውስጥ ዞራ እጇን አነሳችላቸው። ሸዋረጋ ነጠላ ጫማዋን አወለቀች። ጌታቸው የቀብሩን ጥቁር ሱሪና ጫማ እንዳደረገ ወደ ውሃው አንድ እርምጃ ሊገባ ሲል ያዘችው። ጫማህን አውልቅ አለችው፤ አወለቀ። ከዚያ ዕንባዋን ሳትጠርግ ፊቱ በርከክ አለችና፣ እንዳይረጥብበት የሱሪውን እግር፣ መጀመሪያ አንዱን ቀጥሎም ሌላውን፣ እስከ ጉልበቱ ድረስ ቀስ አድርጋ ጠቀለለችለት።